የካርድ ክፍሉ ስም መፈለጊያ፦ አውቶኮምፕሊት ስሰራ የያዝኩት ማስታወሻ

ህዳር 2

ከዛሬ ጀምሮ እየሰራሁ እየጻፍኩ ልሄድ ነው፣ ምክንያቱም ባለፈው ፕሮጀክት ከሁለት ወር በኋላ ኮዱን ከፍቼ ‹ይሄን ለምንድነው እንደዚ ያደረኩት› ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልስ አጣሁ።

ስራው ቀላል ይመስላል። አንድ መካከለኛ ክሊኒክ ነው፣ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ዴስክቶፕ አለ፣ ወደ 23 ሺህ የሚጠጋ ካርድ ተመዝግቧል። አሁን የሚጠቀሙበት ፕሮግራም (እኔው ነኝ የሰራሁት፣ ሌላ ሰው ላይ አላመካኝም) ስም ሙሉ በሙሉ ይጻፍና ‹ፈልግ› ይጫናል፣ ከተገኘ ተገኘ፣ ካልተገኘ አዲስ ካርድ ይከፈታል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ‹አልተገኘም› ሲል ሁሌ የለም ማለት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ አጻጻፉ ተለይቶ ነው። ግን መስኮቱ ላይ አስራ አምስት ሰው ተሰልፎ ማን ደግሞ ደጋግሞ ይሞክራል? አዲስ ካርድ ይከፍታሉ በቃ። አንድ ሰው ሶስት ካርድ፣ ሶስቱም ላይ የተከፋፈለ ታሪክ።

ስለዚ መፈለጊያ ሳጥኑ እየተጻፈ እያለ ስም እንዲጠቁም ላደርገው ነው። ፕሮግራሙ በፓይተን እና በኪውት (መስኮት፣ ሳጥን እና ቁልፍ መስሪያ ስብስብ) ነው፣ ዳታው ኤስኪውላይት የሚባል ዳታቤዝ ላይ። ኪውት ደሞ ኪውኮምፕሊተር የሚባል ዝግጁ ነገር አለው፣ የስም ዝርዝር ሰጥተኸው ከሳጥኑ ጋር ታገናኘዋለህ፣ አለቀ። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ‹አበ› ብዬ ስጽፍ አበበዎች ተደረደሩ። ደስ ብሎኝ ቡና ጠጣሁ።

ህዳር 3

ደስታዬ አንድ ቀን ነው የቆየው። ከካርዶቹ ውስጥ ተደጋጋሚ የሚመስሉትን አውጥቼ አየሁ። ስም ከሰው እንዳልወስድ እዚህ የምጽፋቸው ምሳሌዎች ለሙከራ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፣ ችግራቸው ግን እውነተኛ ነው።

‹ዓለምፀሐይ› የሚለውን ስም ውሰዱ። መጀመሪያው ዓ፣ ዐ፣ አ፣ ኣ ሊሆን ይችላል፣ አራት። ፀ ወይም ጸ፣ ሁለት። ሐ፣ ሓ፣ ሀ፣ ሃ፣ ኀ፣ ኃ፣ ስድስት። አራት በሁለት በስድስት አርባ ስምንት። አንድ ስም በ48 መንገድ ተጽፎ ሁሉም ሲነበብ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን 48 የተለያየ ሰው ነው። የግዕዝ ሊቅ ትክክለኛው ይሄ ነው ሊል ይችላል፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ግን የግዕዝ ሊቅ የለም፣ ሰውየውም ራሱ መታወቂያው ላይ በአንዱ፣ ደብተሩ ላይ በሌላው ነው የተጻፈለት። እኔ ራሴ ይሄን ማስታወሻ ‹ህዳር› ብዬ ነው የጀመርኩት እንጂ ‹ኅዳር› አላልኩም፣ ኅ የት ቁልፍ ላይ እንዳለ መፈለግ ስለሚያስጠላኝ።

ስለዚ ለያንዳንዱ ስም ሁለት ነገር አስቀምጣለሁ። አንዱ ስሙ ራሱ፣ ባለቤቱ እንደጻፈው። ሁለተኛው ‹ቁልፍ› ያልኩት፣ ለመፈለጊያ ብቻ የሚያገለግል፣ ሐ እና ኀ ሁሉም ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ የተመለሱበት። ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ። ‹ጌታቸዉ› እና ‹ጌታቸው› ስላስቸገረኝ ዉንም ወደ ው። ተጠቃሚው የሚጽፈውም በዛው ወንፊት ያልፋል፣ ከዛ ቁልፍ ከቁልፍ ይነጻጸራል።

ማታ ላይ አንድ ሌላ ጨመርኩ። ‹ማርያም› እና ‹ማሪያም›፣ ‹ኤልያስ› እና ‹ኤሊያስ›። ይሄ የሞክሼ ፊደል ጉዳይ አይደለም፣ ከያ በፊት ሳልስ ነው ሳድስ የሚለው ነው (ኢትዮጵያ እና ኢትዮጲያ ላይ የምንጣላበት ነገር)። ህግ አደረኩት፦ ከያ በፊት የመጣ ሳልስ ቁልፉ ውስጥ ሳድስ ይሆናል።

ህዳር 5

ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንድ ፊደል ላይ ዋልኩ ብል አታምኑኝም።

እስከ ትናንት ስሞክር የነበረው ስሞችን ኮፒ ፔስት እያደረኩ ነው። ዛሬ እንደሰው ልጻፍ ብዬ በኪማን (በላቲን ኪቦርድ አማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም) ስጽፍ ‹በቀለ› ለማለት የቢን ቁልፍ መታሁ፣ ዝርዝሩ መጣ፣ ግን ብርሃኑ፣ ብዙነሽ፣ ብሩክ ብቻ። በቀለ የለም! ቀጥሎ ኢን ስመታ ዝርዝሩ ጠፍቶ ብልጭ አለና በቀለዎቹ መጡ። ከዛ ኪው ስመታ ደሞ ባዶ። ‹በቅ› የሚል ስም አላገኘም። ኢ ስጨምር ‹በቀ› ሆኖ ተመለሱ። እንዲህ እያለ መብራት እንደሚሄድበት ቤት ብልጭ ድርግም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ግን ቁጭ ብዬ እስካይ ድረስ አስቤው አላውቅም። እኛ በላቲን ኪቦርድ አማርኛ ስንጽፍ አንድ ፊደል ሁለት ምት ነው። የመጀመሪያው ምት ሳድሱን ያመጣል፣ ሁለተኛው ይቀይረዋል። ስለዚ ሳጥኑ ውስጥ መጨረሻ ላይ ያለው ሳድስ ፊደል እውነተኛ ሳድስ ይሁን ገና ተጽፎ ያላለቀ ይሁን አይታወቅም። ‹በቅ› ያለው ሰውዬ በቅ እያለ አይደለም፣ መንገድ ላይ ነው። አውቶኮምፕሊት የፈጠሩት ሰዎች አንድ ምት አንድ ፊደል በሆነበት አገር ነው ያሰቡት፣ ተጠቃሚው የጻፈው ነገር ሁሉ የጨረሰው ነው ብለው።

ስለዚ ህጉ ይሄ ነው፦ መጨረሻ ላይ ያለ ሳድስ ማንኛውም የዛ ፊደል ዘር ሊሆን ይችላል። ብ ማለት በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ።

ይሄን እንዴት በዘዴ ልስራው ብዬ ሰባት ሰባት ፊደል የሚያወጣ ትልቅ ሰንጠረዥ ልጽፍ ስል ዩኒኮድ (ለኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር የሚያስቀምጠው ስርዓት) ውስጥ ያለውን አቀማመጥ ከፈትኩ። የኛ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ላይ ሲገባ እያንዳንዱ ዘር ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፣ ሁሉም በስምንት የሚካፈል ቁጥር ላይ ነው የሚጀምረው። ሀ 4608 ነው። በ 4704። በ 4704 ከሆነ ቡ 4705፣ ብ 4709፣ ቦ 4710፣ ቧ 4711፣ ከዛ 4712 ላይ ቨ ይጀምራል። ማለትም የማንኛውንም ፊደል ቁጥር ለስምንት አካፍለህ ቀሪው 5 ከሆነ ሳድስ ነው። ቀሪውን ስትጥል ግዕዙን፣ ማለትም የዘሩን የመጀመሪያ ፊደል፣ ታገኛለህ። ሰንጠረዥ አያስፈልግም! ይሄን ያስቀመጡትን ሰዎች ባገኛቸው ምሳ እጋብዛቸዋለሁ።

ህዳር 6

አጭር ቀን። ከትናንቱ ግኝት የተረፈኝ ጉርሻ አለ፦ የአንድ ዘር ፊደሎች ተከታታይ ስለሆኑ ‹ሰባቱን ሁሉ ፈልግ› ማለት ሰባት ፍለጋ አይደለም፣ ‹ከበ ጀምሮ ከቨ በፊት› የሚል አንድ ክልል ነው። ኤስኪውላይት ደሞ ክልል ላይ ኢንዴክስ (ሁሉንም ሳያገላብጥ ቦታውን የሚያገኝበት ማውጫ) መጠቀም ይወዳል። 23 ሺህ ስም ውስጥ ፈልጎ የሚመልሰው እኔ ጣቴን ሳላነሳ ነው። ኒልሰን የሚባለው የዩዛቢሊቲ (የአጠቃቀም ምቾት) ሰው በ1993 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ ላይ ሰው ‹ወዲያው ነው› ብሎ የሚቀበለው እስከ 0.1 ሰከንድ ነው ብሎ አስቀምጧል፣ ከዛ በጣም በታች ነን፣ ያውም በዛ አሮጌ ማሽን።

ብልጭ ድርግሙ ግን ቀረ። ኪማን ‹ብ›ን ወደ ‹በ› ሲቀይር ባክስፔስ አድርጎ ነው አዲሱን የሚጽፈው፣ ስለዚ ለአንዲት ቅጽበት ሳጥኑ ባዶ ይሆናል፣ ፕሮግራሜ ደሞ ‹ባዶ ነው፣ ዝርዝሩን ዝጋ› ይላል። 120 ሚሊሰከንድ ጠብቆ ነው አሁን የሚፈልገው። በመሀል ሌላ ምት ከመጣ እንደገና ከዜሮ ይቆጥራል። ረጋ አለ።

ከመተኛቴ በፊት ‹ግ› ብዬ ስሞክር ጓንጉል አልመጣም። ጓ ለካ ገ ቤት ውስጥ አይደለም ያለው፣ ቀጥሎ ያለው ጐ ቤት ውስጥ ነው። ቀ፣ ከ እና ገ ጎረቤታቸውንም ይዘው በስምንት ፈንታ አስራ ስድስት እንዲወስዱ አደረኩ። ተኛሁ።

ህዳር 9

ዛሬ ክሊኒኩ ሄጄ ጫንኩት። የጠዋቱ ወረፋ ሞቅ ሲል ከኋላ ቆሜ አየሁ። ካርድ ክፍሉ ላይ የሚሰሩት አንድ ልጅ እና አንድ እድሜያቸው ገፋ ያለ ሴትዮ ናቸው፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፣ እዛ ቤት ከወረቀት ዘመን ጀምሮ ናቸው።

ልጁ ወዲያው ወደደው። ሁለት ፊደል፣ ቀስት፣ ኢንተር። እትዬ ግን የሚጽፉት ሌላ ነው። እሳቸው ስክሪን አያዩም። ወረቀቷን በግራ እጅ ይዘው ዓይናቸው ወረቀቷ ላይ ሆኖ ሙሉ ስሙን በሁለት ጣት ይጽፉና ኢንተር ይመታሉ፣ ከዛ ቀና ይላሉ። አመታት የሰሩበት መንገድ ነው፣ ፈጣንም ናቸው።

አራት ሰዓት አካባቢ ትሪያጅ (በሽተኛ መጀመሪያ የሚታይበት) ላይ ያለችው ነርስ ካርድ ይዛ መጣች። ካርዱ ላይ 61 ዓመት ይላል፣ ፊቷ የተቀመጠው ልጅ ሃያ እንኳን በቅጡ አልሞላውም። ስሙ ተመሳሳይ፣ የአባቱ ስም ተመሳሳይ፣ አያት ሌላ።

እትዬ አልተቆጡም፣ መቆጣታቸው ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው ዞረው ‹አንተ ልጅ፣ እኔ ስሙን ጽፌ ጨርሻለሁ እኮ፣ ማሽንህ ነው የቀየረብኝ› አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዝርዝሩ ሲመጣ የመጀመሪያው ረድፍ ራሱ ተመርጦ እንዲጠብቅ ያደረኩት እኔ ነኝ፣ አንድ ቀስት መምታት ለማትረፍ ብዬ። ኪውት በራሱ ይሄን አያደርግም፣ ሁለት መስመር ኮድ ጨምሬ ነው ያመጣሁት ጣጣ። እትዬ ስም፣ አባት፣ አያት ጽፈው ኢንተር ሲመቱ ያ ሰው መዝገብ ላይ ገና አልነበረም፣ አዲስ ነው። ከላይ የተቀመጠው ደሞ በስም እና በአባት የሚመሳሰል ሌላ ሰው ነበር፣ ኢንተር ያንን ወሰደ። እሳቸው ቀና ሲሉ ካርድ ወጥቶ አገኙ፣ ስሙም ያው ነው፣ ሰጡ።

ነርሷ ባትነቃ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማሰብ አልፈልግም። የስኳር መድሀኒት የሚወስድ ሰው ካርድ ነበር።

እዛው ቆሜ መልሼ አሮጌውን ጫንኩ። ‹ይቅርታ እትዬ፣ ነገ አስተካክዬ አመጣልዎታለሁ› አልኳቸው። ‹አምጣው እንጂ፣ ማን ተውው አለህ› አሉኝና ወደ ቀጣዩ ሰውዬ ዞሩ።

ህዳር 10

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ይሄ ነገር መጠቆም ነው ስራው፣ መወሰን አይደለም። ሰውየው የጻፈው ነገር የሰውየው ነው። እኔ ስር ስር ሆኜ ‹ይሄን ፈልገህ ይሆን?› ልለው እችላለሁ፣ እጁን ይዤ ልጽፍለት ግን አልችልም። ስልክ ላይ አውቶኮረክት ‹ሰላም ነሽ› ያልከውን ሌላ ነገር አድርጎ ሲልክብህ ትስቃለህ፣ ካርድ ላይ አይሳቅም።

አዲሶቹ ህጎች እነዚህ ናቸው፣ ለነገም ለራሴም እንዲሆን ዘርዘር አድርጌ ልጻፋቸው። ዝርዝሩ ሲመጣ ምንም ረድፍ አይመረጥም። ተጠቃሚው በራሱ ቀስት ወይም ማውስ ካልነካው በስተቀር ኢንተር ማለት ‹የጻፍኩትን እንዳለ ፈልግ› ነው፣ ልክ እንደድሮው። እትዬ ስክሪን ባያዩም ምንም አይቀየርባቸውም ማለት ነው። ቀስት ተነክቶ ከተመረጠ ብቻ ኢንተር ያንን ይወስዳል። ታብ ላይ ብዙ አሰብኩ፣ ፕሮግራመሮች ታብ ማለት መሙያ ይመስለናል፣ ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሁፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ስላደግን። ካርድ ክፍል ውስጥ ታብ ማለት ወደሚቀጥለው ሳጥን መሄጃ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም፣ ስለዚ ታብ ዝርዝሩን ዘግቶ ዝም ብሎ ይሄዳል። ኢስኬፕ ዝርዝሩን ይዘጋል፣ የተጻፈውን ግን አይነካም።

ይሄ የመጨረሻው ከባድ ሆነብኝ። ኪውኮምፕሊተር ቀስት ስትነካ ሳጥኑ ውስጥ የጻፍከውን አጥፍቶ የተመረጠውን ስም እዛ ይተካዋል። ሶስት ጊዜ ወደ ታች ወርደህ ‹አይ፣ እዚህ ውስጥ የለም› ስትል የጻፍከው የለም፣ የሌላ ሰው ስም ነው ሳጥኑ ውስጥ ያለው። ለኔ ይሄ ትንሽ ስርቆት ነው። ከሱ ጋር ስታገል ዋልኩና ማታ ላይ ተውኩት። ከሳጥኑ ስር የሚከፈት ተራ ሊስት ሰራሁ፣ ፎከስ የማይወስድ (መጻፊያውን ከሳጥኑ የማይነጥቅ)፣ ቀስቶቹን ብቻ ሳጥኑ የሚያስተላልፍለት። ወደ 150 መስመር ኮድ ነው፣ ግን የኔ ነው፣ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

ህዳር 12

ህዳር ሚካኤል። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ጭሱ ከጠዋት ጀምሮ ዓይን አያስገልጥም፣ ህዳር ሲታጠን የሚባለው። ክሊኒኩ ባዶ ይሆናል ብዬ ሄድኩ፣ የሚያስለው ሰው ሞልቶታል።

ቢሆንም በመሀል አዲሱን ጫንኩ። እትዬ እንደለመዱት ጻፉ፣ ኢንተር መቱ፣ ምንም አልተቀየረባቸውም። ‹እንዲህ ነው› አሉ።

የሚካኤል ቀን ስለሆነ ይሁን እንጃ ዛሬ የመጣው ችግር ሁሉ የመላእክት እና የቅዱሳን ስም ላይ ነው። ‹ገ/ማርያም›፣ ‹ወ/ሚካኤል›፣ ‹ኃ/ሥላሴ›፣ ‹ተ/ሃይማኖት›። ግማሹ ካርድ ላይ በእዝባር ነው፣ ግማሹ ላይ ተዘርዝሮ፣ ከተዘረዘረውም ግማሹ ‹ገብረ ማርያም› ተለያይቶ ግማሹ ‹ገብረማርያም› ተጣብቆ። ገ/ን ገብረ፣ ኃ/ን ኃይለ ማድረግ ይቻላል። ግን ወ/ማርያም ወልደ ነው ወለተ? ተ/መድህን ተክለ ነው ተወልደ? ጾታ አይቼ ልገምት ብዬ ነበር፣ ግን ያባት ስም ሲሆን ሁሌ ወንድ ነው፣ ለባለካርዱ ስም ብቻ ነው የሚጠቅመው፣ ደሞ መገመት አልፈልግም፣ ሰሞኑን ተቃጥያለሁ።

መፍትሄው አለመዘርዘር ሆነ። ቁልፉ ላይ ሁለት መንገድ አስቀምጣለሁ። ‹ወልደማርያም› የሚል ካርድ በሙሉው ይመዘገብና ‹ወ/ማርያም› በሚልም ጭምር ይመዘገባል፣ በሁለቱም በር ይገኛል። እዝባር የተጻፈበት ካርድ ግን ባለቤቱ ራሱ እስኪነግረን ድረስ ምንም አይዘረዘርም።

ህዳር 15

ስልክ ተደወለልኝ። አንድ አባት ካርዳቸው ላይ ስማቸው ‹ሀይለ› ተብሎ ወጥቶ ተቆጥተዋል። ‹እኔ ኃይለ ነኝ፣ በብዙኃኑ ኃ፣ አባቴ ነው ያወጣልኝ› ብለው መስኮቱን አልለቅም አሉ። ትክክል ናቸው።

ስህተቱን አገኘሁት፣ በጣም ያሳፍራል። በመጀመሪያው ሳምንት ከኪውኮምፕሊተር ጋር ስሰራ የሚያነጻጽርበትን ዓምድ ቁልፉ አድርጌው ነበር። እሱ ደሞ ሰው አንዱን ሲመርጥ ሳጥኑ ውስጥ የሚጽፈው ያንኑ የሚያነጻጽርበትን ነው። ዝርዝሩ ላይ ‹ኃይለ› ይታያል፣ ስትመርጠው ‹ሀይለ› ይገባል! ኪውኮምፕሊተርን ስጥል ይሄን ጠባዩን ግን ወደ ራሴ ሊስት ኮፒ አድርጌው መጥቻለሁ። ቁልፉ ማንም እንዳያየው ነው የተሰራው፣ ሳጥን ውስጥም ሆነ ወረቀት ላይ ጭራሽ መውጣት የለበትም። አሁን ምርጫው የሚያመጣው የካርዱን ቁጥር ብቻ ነው፣ ስሙ ከዋናው መዝገብ ይነበባል። በዚህ ሳምንት የተቀየሩትን 31 ካርዶች ከባክአፕ መለስኩ።

ህዳር 17

ረድፉ ላይ ምን ይታይ የሚለው። መጀመሪያ ላይ ስም ከነአያት፣ እድሜ፣ ጾታ፣ ካርድ ቁጥር፣ ስልክ፣ ወረዳ፣ የመጨረሻ ቀጠሮ ሁሉንም ደርድሬው ነበር፣ እንደ አውቶቡስ ታፔላ። እትዬ አንድ ጊዜ አይተው ‹ይሄ ሁሉ ለምኑ ነው? ደሞ ወረፋ ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል› አሉ። ዞር ብዬ ሳይ እውነትም ስክሪኑ በመስኮቱ በኩል በግማሽ ይታያል። ይሄን እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ በምንም አላስበውም ነበር። አንድ ሰው ‹አበ› ብሎ ሲጽፍ የአስር ሌሎች ሰዎች ስልክ ለመንገደኛ ይታያል ማለት ነው።

አሁን ረድፉ ስም፣ አባት፣ አያት፣ ከዛ እድሜ እና የስልኩ የመጨረሻ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ካርድ ሰራተኛዋ ‹ስልክዎ መጨረሻው ስንት ነው?› ብላ ትጠይቃለች፣ ካለው ጋር ታመሳክራለች። ዝርዝሩም ከሁለት ፊደል በታች አይከፈትም።

እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለ የአባት ስም ዋጋው ብዙ ነው። በውጪ ፕሮግራሞች ላይ ‹የመጨረሻ ስም› ሲሉ አያታችንን ነው የሚያገኙት። አበበ ከበደ ብቻ ብትል ስንቱን ትደረድራለህ። እና ዛሬ ልጁ አንድ ነገር ሲያደርግ አየሁት፣ ‹አበ ከ ወ› ብሎ ጽፎ ‹ለምን አይሰራም ወንድሜ?› አለኝ። ከየስሙ ጫፍ ጫፉን። እኔ አላስተማርኩትም፣ ይሰራል ብሎ ገምቶ ነው። ማታ ሰራሁለት፣ በስፔስ የተለየው እያንዳንዱ ቁራጭ በየተራው ከስም፣ ከአባት፣ ከአያት ጋር ይነጻጸራል። ከ23 ሺህ ውስጥ አራት ሰው ቀረ። ከሰራኋቸው ሁሉ በጣም የሚጠቅመው ይሄ ሳይሆን አይቀርም፣ ሀሳቡ ደሞ የኔ አይደለም።

ህዳር 20

የሙስሊም ስሞች ጉዳይ ሲንከባለል ቆይቶ ዛሬ ደረሰ። መሐመድ፣ ሙሀመድ፣ ሞሐመድ። ፋጡማ፣ ፋጢማ፣ ፋጥማ። እዚህ የሚለያየው አናባቢው ነው፣ ሞክሼ ፊደሎችን ወደ አንድ መመለሱ አይነካውም። የስምንቱ ነገር እንደገና አዳነኝ፦ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ግዕዙ መልሰው፣ አጽሙ ብቻ ይቀራል። ሁሉም መሐመዶች አንድ አጽም ናቸው።

ግን አጽም ብቻ ካየን በቀለ እና በቃሉም አንድ ይሆናሉ። ስለዚ ከዋናው ዝርዝር ጋር አልቀላቀልኩትም። ትክክለኛዎቹ ከላይ፣ ከዛ ቀጭን መስመር፣ ከመስመሩ በታች ፈዘዝ ባለ ቀለም ‹የሚመስሉ› የሚል። ያውም ከላይ ከአምስት በታች ሲገኝ ብቻ።

አደራደሩን በተመለከተ መጀመሪያ በቅርብ የመጣ ታካሚ ከላይ ይሁን ብዬ ነበር፣ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ። ልጁ ግን ‹ጠዋት ሁለተኛ ላይ የነበረው ከሰዓት አራተኛ ይሆንብኛል፣ እጄ ለምዶ ሌላ ሰው ይመርጣል› አለ። ፊደል ተራ አደረኩት፣ አይቀያየርም። ደሞ አንዴ ቀስት ከተነካ ዝርዝሩ እንዲቆም አደረኩ፣ ዘግይቶ የመጣ ውጤት ከእጁ ስር ረድፉን እንዳይገፋበት።

ህዳር 23

የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ሁሌ አንድ ረድፍ ጨመርኩ፦ ‹ከነዚህ ውስጥ የለም፣ አዲስ ካርድ ክፈት›። ድሮ አዲስ ካርድ መክፈቻው ሌላ ቦታ ያለ ቁልፍ ነበር፣ ፍለጋ ውስጥ ሳያልፉ ይደርሱበት ነበር። አሁን እዛ ለመድረስ የሚመስሉትን ሁሉ በዓይን ማለፍ ግድ ነው። አልከለከልኩም፣ መንገዱን ነው በነሱ በኩል ያሳለፍኩት።

አንድ ያልጠበኩት፦ ስም ያልወጣላቸው ጨቅላዎች። ሁሉም ‹ህፃን› ተብለው ነው የተመዘገቡት፣ ቀጥሎ የእናት ስም። ‹ህፃ› ስትል ግንባሩ እስኪሰፋ ይዘረዘራል። ለነሱ ከእናት ስም በኩል እንዲፈለግ አደረኩ፣ በስፔሱ ዘዴ ‹ህ አል› ካሉ በቂ ነው።

ህዳር 26

ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ያለው የአማርኛ መጻፊያ ሌላ ዓይነት ነው፣ ፊደሉ እስኪያልቅ ከስሩ ተሰምሮበት ይቆያል፣ ለፕሮግራሙም ገና አልተላከም። ስለዚ እዛ ማሽን ላይ ዝርዝሩ ሁሌ በአንድ ፊደል ወደ ኋላ ነበር። ኪውት ያንን ያልተላከ ፊደል ለብቻው ማንበብ ስለሚፈቅድ ከተጻፈው ጋር ደምሬ እንዲፈልግ አደረኩት። ኢንተርም መጀመሪያ ፊደሉን ማስጨረሻ ነው እንጂ መምረጫ አይደለም፣ ይሄን ሳልለይ ብተወው የህዳር 9ኙ ይደገም ነበር።

የቀረኝ የፊደሉ መጠን ነው። እትዬ መነጽራቸውን እየገፉ ‹እድሜዋን አላነበውም፣ ትንሽ ነች› ብለዋል፣ 13 የነበረውን 16 አድርጌ ነገ ጠዋት ይዤ እሄዳለሁ። ዛሬ ስወጣ ግን መጀመሪያ ጊዜ ስክሪኑን እያዩ ሲጽፉ አየኋቸው። ‹ተስ አለ› ብለው ቆም አሉ፣ ዝርዝሩን በጣታቸው ስክሪኑ ላይ እየነኩ ወረዱ፣ ከዛ ቀና ብለው መስኮቱ ላይ የቆመችውን ልጅ ‹ስልክሽ መጨረሻው ስንት ነው የኔ ልጅ?› አሏት።